ካርቡራተሩን ከመፍታትዎ በፊት፦ ሚኒሞ የማይዝ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ

ቆሞ ሞተሩ ሲንገጫገጭ፣ መሪው እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ የማርሹ ዘንግ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው፤ «ካርቡራተሩ ነው» ይላል። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይፈታል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ ይገጠማል፣ ብሎኑ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ሞተሩ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስልና ወደ ነበረበት ይመለሳል። በመጨረሻ «ይሄ አልቋል፣ ሌላ ግዛ» ይባላል፤ ባለመኪናውም ለቤቱ ያሰበውን ብር ይዞ ያገለገለ ካርቡራተር ፍለጋ ይወጣል። ሌላው ተገጥሞም መንቀጥቀጡ አይለቅም፤ በሽታው መጀመሪያውኑ እዚያ አልነበረማ።

ካርቡራተር አይበላሽም አልልም። ይደፈናል፣ ያረጃል፣ ይላላል። ግን የደከመ ካንዴላ (ድብልቁን በእሳት የሚያቀጣጥለው)፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ አልዘጋ ያለ ቫልቭ፣ ሁሉም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ የሚያመጡት መንቀጥቀጥ አንድ ዓይነት ነው። እነሱ ሳይስተካከሉ ደግሞ ካርቡራተሩን በትክክል ማስተካከል ከቶ አይቻልም። ስለዚህ ካርቡራተሩ በመጨረሻ የሚጠረጠር መሆን አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይጨመራል። መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚፈርድ ሰው ጤነኛውን ሞተር ሊያስፈታ ይችላል።

የማወራው ስለ አይሱዙዎቹ አይደለም፤ እነሱ የናፍጣ ናቸው፣ ካርቡራተርም የላቸውም። የማወራው ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ እህል ጭነው ደሴ ስለሚገቡት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወርዱና ሲወጡ ስለሚውሉት የቆዩ የቤንዚን ፒክአፖች ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2ኤፍ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር፣ የድሮዎቹ ሃይሉክሶች፣ የቤንዚን ላንድሮቨሮች።

ሚኒሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ራሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። በአብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ዙር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ ሲረገጥ የምትከፈተው፣ ካርቡራተሩ ሥር ያለችው የአየር በር ልትዘጋ ምንም አይቀራትም። ሲሊንደሮቹ የሚያገኙት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ጥቂት ነው፤ እሱም ካለፈው ዙር ተርፎ ከቀረ ጭስ ጋር ስለሚቀላቀል በቀላሉ አይቀጣጠልም። ቤንዚኑም በዋናው መንገድ አይመጣም፤ ለሚኒሞ ብቻ በተሠራች፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ በኩል ያልፋል። ከአየር በሯ በታች ያለው የመሳብ ኃይል፣ ማለትም ቫኪዩሙ፣ በጣም የሚበረታውም ያኔ ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ብትኖር ከውጭ አየር ትጎትታለች። ስለዚህ በሌላ ጊዜ የማይታይ ድክመት ሁሉ ሚኒሞ ላይ ይወጣል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 700 ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 350 ጊዜ ይተኩሳል፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። አንዱ ከሞተ በየሰከንዱ ስድስት ጊዜ ጉድለት አለ፤ ወንበሩ ላይ የሚሰማዎት እሱ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት በራሱ ግፊት ስለሚሸከመው ይሸፈናል።

እንግዲህ መጀመሪያ ምንም ሳይፈታ ይዳመጥ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ያሙቁት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው ቾክ እስከ መጨረሻው መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ። የደሴ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፣ ያልሞቀ ሞተር ቢንቀጠቀጥ በሽታ አይደለም። ቾኩ ግማሽ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ሲያንቀው ይውላል። ከዚያ ነዳጅ ሰጥተው ወደ 2000 ዙር ያድርሱትና ይያዙት። ሚኒሞ ላይ የነበረው መንቀጥቀጥ እዚህ ጥርት ብሎ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ አየር መግቢያ ስንጥቅ ወይም ወደ ካርቡራተሩ የሚኒሞ መንገድ ያጋድላል። 2000 ላይም እየተንተፋተፈ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን እየሸተተ ከቀጠለ ግን ነገሩ የእሳት ወይም የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ድብልቁን የሚጨምቅበት ኃይል) ነው።

ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይዘው የአወጣጡን ምት ማየትም ብዙ ይናገራል። ጉድለቱ በእኩል ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ አንድ የታወቀ ሲሊንደር ሞቷል ማለት ነው። ምቱ ሥርዓት የሌለው፣ አሁን ይዞ አሁን የሚለቅ ከሆነ ሁሉንም ሲሊንደር የሚነካ ነገር ይፈልጉ፤ ድብልቁን፣ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን)፣ የአየር ስንጥቁን። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙትን ጎማዎችም እግረ መንገድዎን ይዩ። ጎማው ከተበጠሰ ጤነኛ ሞተርም ካቢኑን ያንቀጠቅጣል፤ ለዚህ ካርቡራተር የተቀየረላቸው መኪኖች ያሳዝኑኛል።

አሁን የሞተውን ሲሊንደር እንለይ። ይህን ሥራ በቂ ጊዜ ይስጡት፤ አምስት ደቂቃ ወስዶ የሳምንት ልፋት ያድናል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ፣ ደረቅና መያዣው በፕላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ ይዘው የካንዴላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። የተነቀለውን ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት አያርቁት፤ እሳቱ መውጫ ካጣ እሳቱን የሚያመነጨውን ቦቢና ይጎዳል። ጤነኛ ሲሊንደር ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ሲነቀልም ሲመለስም ሞተሩ ምንም ካላለ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር። (ፑንቲናው ወጥቶ በኤሌክትሮኒክ የተቀየረ መኪና ላይ በዚህ መንገድ አይሞክሩት፤ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው ሽቦውን ከነቀሉና ከብረት ጋር ካገናኙ በኋላ እንደገና ያስነሱት።)

ሲሊንደሩ ከታወቀ በኋላ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ካንዴላ ጋር ያቀያይሩ። ሞቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ የካንዴላ ዋጋ ከፍለው ጨረሱ። ካልሄደ ሽቦውን ይቀይሩ። እሱም ካልሆነ እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ከውስጥ ይዩ፤ በክረምት እርጥበት ከገባበትና እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ስንጥቅ ካለበት እሳቱ ወደ ሌላ ይሾልካል። ሁለት የማይጎራበቱ ሲሊንደሮች አብረው ከሞቱ ሽቦዎቹ ተዘበራርቀው እንዳይሆን ይጠርጥሩ። የአተኳኮሱ ተራ በባለ አራቶቹ ቶዮታዎች 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ በ2ኤፍ ደግሞ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4። የሚጎራበቱ ሁለት ሲሊንደሮች ከሞቱ ግን በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ እንደሆነ ይታሰብ።

ካንዴላዎቹን ሲያወጡ እንደየተራቸው ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። ጋራዥ ከወሰዱትም «ወንድሜ፣ ካርቡራተሩን ከመንካትህ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተህ አሳየኝ» ይበሉ፤ ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም። ጫፋቸው ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ ነጣ ያለ ድብልቁ መሳሳቱን፤ በዘይት የራሰ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ላስቲክ ማለቁን። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ ነገሩ የጋራ ነው፣ ካርቡራተሩ ወይም የአየር ፊልትሮው ይጠረጠራል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ግን ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ አንዱ ካርቡራተር ሁሉንም እያጠጣ አንዱን ብቻ አያጠቁርም።

ስለ እሳቱ ባጭሩ፦ ፑንቲናው ጫፉ ከተቦረቦረ በጥሩ ሞረድ ይስተካከል ወይም ይቀየር። ክፍተቱ በአብዛኞቹ የቶዮታ ባለ አራቶች 0.45 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የካንዴላው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር ታይሚንጉም (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) አብሮ ስለሚቀየር ከፑንቲናው በኋላ ታይሚንጉ ይታይ።

ወደ ኮምፕሬሽንና ወደ ቫኪዩም ስንመጣ ከፍታው ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። የአየሩ ግፊት ደሴ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ። ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር መመሪያዎች ግን ቁጥራቸውን የሚሰጡት ለባሕር ጠለል ነው። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ያሳያል ይላሉ። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ንባብ በአንድ ኢንች ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ያው ጤነኛ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ከ11 እስከ 15፣ ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 ያነባል። ደሴ ላይ 11 አይቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይፈታ» የሚል ሰው በመጽሐፉ ምክንያት ሰው ያስከፍላል። ከቁጥሩ በላይ የቫኪዩም መለኪያውን ቀስት እንቅስቃሴ ይዩ። በእኩል ጊዜ እየተመላለሰ ወደ ታች ጠቅ የሚል ቀስት አንድ ቫልቭ ወይም አንድ ሲሊንደር ይጠቁማል። ቀስ እያለ የሚዋልል ቀስት የድብልቅ ነገር ነው። ጸጥ ብሎ ግን ዝቅ ያለ ከሆነ ከውጭ የሚገባ አየር ወይም የዘገየ ታይሚንግ አለ።

ኮምፕሬሽንም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 150 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 120 አካባቢ፣ ደሴ ላይ 110 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ሲለካ ሁሉም ካንዴላ ይውጣ፣ ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ከዚያ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ያወዳድሩ፤ ደካማው ከብርቱው ሦስት አራተኛ በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ከሆነ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት ክፍተቱ ይለካ፤ በ2ኤፍ ሞተሩ ሞቆ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ነው። ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣና በመጨረሻ አልዘጋም ይላል። የሚያሳስበው ደግሞ ያኔ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። ቫልቩ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰው ይደነግጣል፤ ዝም ሲል ግን ጤነኛ ይመስለዋል።

አሁን ወደ አየር ስንጥቅ እንሂድ፤ «ካርቡራተር ነው» ከተባሉት ብዙዎቹን የማገኛቸው እዚህ ነው። ከካርቡራተሩ የአየር በር በታች የሚገባ ማንኛውም አየር ቤንዚን ሳይዝ ይገባል፤ ድብልቁን ያሳሳል። መግቢያው ብዙ ነው፤ ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ወፍራም ጓርኒሲዮን፣ ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ማኒፎልዱ፣ ከቴስታታው የሚገናኝበት፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ፣ የሞተር ጭስ መመለሻው ቱቦ፣ ወደ ፍሬን የሚሄደው ወፍራም ቱቦ። 2ኤፍ ላይ ማስገቢያውና ማስወጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ተያይዘው ስለሚቀመጡ ሙቀቱ እያጣመማቸው ጓርኒሲዮኑ ቶሎ ይተነፍሳል። የአየር በሯ የምትዞርበት ቀጭን ዘንግም በአቧራ መንገድ ዓመታት ሲሠራ ማረፊያው ይቦረቦራል፤ በጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት የሚላወስ ከሆነ አየር በዚያ ይገባል፤ ይህ በማጠብም ሆነ በብሎን አይድንም፣ ማረፊያው በቶርኖ ቤት መሠራት አለበት።

ስንጥቁን ለማግኘት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ጨምቀው ሞተሩ ይለወጥ እንደሆነ ያዳምጡ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ ውሃ በመርጫ ይርጩ፤ ውሃው ስንጥቁን ለጊዜው ሲደፍነው ምቱ ይለወጣል። ጥቂት ሰዎች በሃይላንድ ቤንዚን ይዘው መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፣ ሲደረግም ዝም ብለው አይዩ። ከሥሩ የጋለ የጭስ ማኒፎልድ አለ፣ ከጎኑ እሳት የሚዘል ሽቦ አለ፤ መኪናውም ሰውየውም በአንድ ጊዜ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የፍሬኑን ቱቦ ለብቻው ላንሳው፣ ነፍስ ያለበት ነገር ነውና። የፍሬን አጋዥ ያለው መኪና ፔዳሉን የሚያቀልለት ይኸው የሞተር ቫኪዩም ነው። በአጋዡ ውስጥ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬኑም ይከብዳል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠው ይያዙ፤ የሚኒሞው ምት ከተለወጠ ወይም ከዳሽቦርዱ ሥር የአየር ፉጨት ከተሰማ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ከረገጡ በኋላ እንደረገጡ ያስነሱት፤ ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ ያንን መኪና ጭነው ሐረጎን አይውረዱ። በኮምቦልቻ አቅጣጫ ከደሴ የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝና ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ የከበደ ፍሬን ይዞ መውረድ ማለት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነ አሁን ካርቡራተሩ ዘንድ እንድረስ። ከመፈታቱ በፊት ግን አንዲት ነገር ይዩ፤ በብዙ የቶዮታ ካርቡራተሮች ላይ ወደ ጎን የተጠመዘዘች፣ ሽቦ ያላት ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች። ቁልፉ ሲከፈት የሚኒሞውን ቤንዚን መንገድ ትከፍታለች፣ ሲዘጋ ትዘጋለች። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው ሽቦዋን ነቅለው ሲመልሱ ጠቅ ማለት አለባት። ፊውዟ ከተቃጠለ ወይም ሽቦዋ ከወለቀ ሞተሩ ነዳጅ ሲረገጥ ይሠራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል፤ ካርቡራተሩ ምንም አልሆነም።

ቀጥሎ የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኑን ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያዙሩት። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ መዳከምና መጥፋት መጀመር አለበት። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ገብቶም ምንም ካልተለወጠ፣ ወይ መንገዱ ተደፍኗል፣ ወይ ቤንዚኑ በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ቤንዚን እያፈሰሰ ወይም የአየር በሯ ከልክ በላይ ተከፍታ ሊሆን ይችላል። ብሎኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አያጥብቁት፤ ሹል ጫፉ ከተቀጠቀጠ ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። ቀዳዳው ከተደፈነ በቤንዚን አርሰው ጎሚስታ ዘንድ በአየር ይንፉት። ሽቦ አይክተቱበት፤ በመቶኛ ሚሊሜትር የተለካ ቀዳዳ በአንድ ሽቦ ይሰፋና ካርቡራተሩ ለዘለዓለም ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የሳህን ታች ደግሞ ይዩ። በጀሪካን ወይም በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ውሃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው። ውሃው ከቤንዚኑ ሥር ይቀመጥና አልፎ አልፎ እየተጠባ ሞተሩን ያስነጥሰዋል።

አየሩ ራሱ የሚያመጣው ሁለት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ይደክማል። አንደኛው በክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍን የሚታይ ነው። ቤንዚን ሲተን የሚገባውን አየር ክፉኛ ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት የአየር በሯ ጠርዝ ላይ በረዶ ይሆናል። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆም የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሲፈተሽ ምንም አይገኝም። ከጭስ ማኒፎልዱ ሞቅ ያለ አየር ወደ ፊልትሮው የሚያመጣው ቱቦ ወልቆ ከተጣለ ይመለስ። ሁለተኛው የተገላቢጦሹ ነው። ከኮምቦልቻ ጭኖ ሐረጎን የወጣ መኪና ደሴ ላይ ሲቆም፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና ወደ ማኒፎልዱ ይንጠባጠባል፤ ግፊቱ ባነሰበት ቤንዚንም እንደ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ሽታው ይገናል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ለጥቂት ደቂቃም ለማስነሳት ያስቸግራል። ከካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የሚከለክለው ወፍራም ማረፊያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አንዳንዴ «አያስፈልግም» ተብሎ በቀጭን ወረቀት ተተክቶ ይገኛል።

በመጨረሻ ማስተካከሉ። ሞተሩ የሞቀ፣ ቾኩ የተከፈተ፣ የአየር ፊልትሮው የተገጠመ ይሁን። የድብልቁን ብሎን በቀስታ እስኪቀመጥ አስገብተው ሁለት ዙር ያህል ያውጡት፤ መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ። በሌላኛው፣ በፍጥነት ብሎኑ፣ ዙሩን ከሚፈልጉት በ40 ወይም በ50 ከፍ ያድርጉት፤ መልሰው የድብልቁን ብሎን ወደ ውስጥ እያዞሩ ዙሩ ያንኑ ያህል እስኪወርድ ያሳሱት።

የት ከተማ ይስተካከል ለሚለው ግን የራሴ ሐሳብ አለኝ። ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡራተር ሳይነካ ኮምቦልቻ ሲደርስ በግምት 9 በመቶ፣ ደሴ ሲደርስ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ የነበረ ደሴ ላይ የሚጠፋ ከሆነ «ከፍታው ነው» ብለው አይተዉት፤ ቀድሞም ቤንዚን የበዛበት ነበር፣ ከፍታው የመጨረሻዋን ጠብታ ጨመረበት። ከሚሌ በባቲ በኩል የሚወጣ መኪና ግን ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ እሱ በእርግጥ ይታመማል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ መኪና እኔ ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ጥቂት ቤንዚን የበዛበት ሚኒሞ ይይዛል፣ የሳሳ ግን ያስነጥሳል።

ካስተካከሉ በኋላ ሐረጎን አንድ ጊዜ ወጥተው ካንዴላዎቹን እንደገና ያውጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆኑ ብሎኑን ከዚያ ወዲያ አይንኩት። ሁሉም ጥቁር ከሆኑ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ አንዱ ብቻ ጥቁር ከሆነ ካርቡራተሩን ትተው ወደዚያ ሲሊንደር ይመለሱ።